ስስ አየርና ረጅም ዳገት፦ የብስክሌት ውድድር ፊዚክስ በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ

ኢትዮጵያ በኦሊምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳተፈችው እ.ኤ.አ. በ1956 በሜልቦርን ከተማ ነው። ያን ጊዜ ከአሰለፈቻቸው ስፖርተኞች መካከል ብስክሌተኞች ይገኙበት ነበር። በጎዳና ውድድሩ ገረመው ደንቦባ 24ኛ ሆኖ ሲፈጽም ቡድኑ 9ኛ ደረጃ አግኝቷል። ይህ የሆነው አበበ ቢቂላ በሮም ጎዳናዎች ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ዓለምን ከማስደነቁ ከአራት ዓመት በፊት ነው። ከስድሳ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ የመቀሌው ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። የአስመራው ቢንያም ግርማይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2024 በዚሁ ውድድር ሦስት ዙሮችን አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ ወስዷል። መቀሌም ሆነች አስመራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር ከፍ ብለው የሚገኙ የደጋ ከተሞች ናቸው።

የደጋ አገር ሯጭ እንደሚያፈራ ሁላችንም እንናገራለን። ስለ ብስክሌት ግን ይህን ያህል አይነገርም። በዚህ ጽሑፍ ከፍታ ለብስክሌተኛ ምን እንደሚሰጥና ምን እንደሚነሳ በቀላል ስሌት እንመለከታለን። ምሳሌያችን የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው መካነ ሰላም ናት። ከተማዋ ወደ 2,600 ሜትር ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ በአንድ በኩል የደቡብ ወሎ ተራሮች፣ በሌላው በኩል የአባይ ሸለቆ ያዋስኗታል። በእንዲህ ያለ ቦታ ጥቂት ወጣቶች ተሰባስበው የአማተር ክለብ ቢመሠርቱ ውድድራቸውን የትና እንዴት ቢያካሂዱ ይሻላል? ያላቸውን ጥቂት ገንዘብስ በምን ላይ ቢያውሉት ይጠቅማቸዋል? ለእነዚህ ጥያቄዎች ፊዚክስ ግልጽ መልስ አለው።

ሦስቱ ተቃዋሚ ኃይሎች

ብስክሌተኛ ወደፊት ለመጓዝ ሦስት ኃይሎችን ማሸነፍ አለበት። የመጀመሪያው ጎማው በመንገዱ ላይ ሲሽከረከር የሚፈጠረው ሰበቃ ሲሆን፣ መጠኑ በጎማው ንፋትና በመንገዱ ልስላሴ ይወሰናል። ሁለተኛው በዳገት ላይ ወደ ኋላ የሚጎትተው የመሬት ስበት ነው። ሦስተኛው የአየር ተቃውሞ ነው። የዚህ የሦስተኛው ጠባይ ከሁለቱ ይለያል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን የአየሩ ተቃውሞ አራት እጥፍ ይሆናል፤ እሱን ለማሸነፍ የሚያስፈልገው አቅም ደግሞ ስምንት እጥፍ ያድጋል። እዚህ ላይ «አቅም» ስንል በእያንዳንዱ ሰከንድ የሚወጣውን ጉልበት ማለታችን ነው፤ መለኪያውም ዋት ነው። ሦስቱን በአንድ ላይ ስናስቀምጣቸው፦

አቅም = ፍጥነት × (የጎማ ሰበቃ + የስበት ጉተታ + የአየር ተቃውሞ)

ሯጭንና ብስክሌተኛን የሚለያያቸው ይህ ቀመር ነው። ሯጭ ከአየር ጋር የሚያደርገው ትግል ትንሽ ነው። በሜዳ ላይ በፍጥነት የሚጓዝ ብስክሌተኛ ግን ከአቅሙ ሦስት አራተኛ የሚሆነውን ወይም ከዚያም የበለጠውን የሚያውለው አየሩን ለመሰንጠቅ ነው። ስለዚህ የአየሩ መሳሳት ለብስክሌተኛ ከሯጭ ይልቅ ትልቅ ትርጉም አለው።

ስሱ አየር የሚሰጠውና የሚነሳው

በባሕር ጠለል ላይ ሙቀቱ 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሆን በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ 1.225 ኪሎ ግራም አየር ይገኛል። በመካነ ሰላም ከፍታ፣ በዚያው ሙቀት፣ ይህ መጠን ወደ 0.89 ኪሎ ግራም ይወርዳል። አየሩ በ27 በመቶ ሳስቷል ማለት ነው፤ የሚቃወመን ኃይልም በዚያው መጠን ይቀንሳል።

ነገር ግን ይኸው አየር የሞተሩም ነዳጅ ነው። ሰውነታችን ለረጅም ጊዜ ሊያወጣው የሚችለው አቅም በሚያገኘው ኦክስጅን የተወሰነ ነው። በዚህ ከፍታ ላይ፣ አየሩን የለመደ ሰው እንኳ በባሕር ጠለል ሊያወጣ ከሚችለው አቅም ከ10 እስከ 15 በመቶ ያህሉን ያጣል። ያልለመደ እንግዳ ደግሞ ከዚህ የበለጠ ይጎድልበታል።

ትርፉንና ኪሳራውን ለማመዛዘን አንድ ወጣት ተወዳዳሪ እንውሰድ። እሱ 62 ኪሎ ግራም፣ ብስክሌቱ 10 ኪሎ ግራም፣ ልብሱ፣ ጫማውና ውሃው 3 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ፤ ድምሩ 75 ኪሎ ግራም ነው። በባሕር ጠለል 200 ዋት ማውጣት ቢችል በመካነ ሰላም 175 ዋት ያወጣል እንበል። መንገዱ ደህና አስፋልት ቢሆንና ተወዳዳሪው መሪው ላይ ዘንበል ብሎ ቢነዳ፣ ስሌቱ የሚከተለውን ውጤት ይሰጠናል።

በሜዳ ላይ፦ በባሕር ጠለል በሰዓት 32.4 ኪሎ ሜትር፤ በመካነ ሰላም 33.9 ኪሎ ሜትር።
በ7 በመቶ ዳገት ላይ፦ በባሕር ጠለል በሰዓት 12.3 ኪሎ ሜትር፤ በመካነ ሰላም 11.0 ኪሎ ሜትር።
በ7 በመቶ ቁልቁለት ላይ፣ ፔዳል ሳይመታ፦ በባሕር ጠለል በሰዓት 52.5 ኪሎ ሜትር፤ በመካነ ሰላም 61.6 ኪሎ ሜትር።

በሜዳ ላይ ደጋው አትራፊ ነው። ቤልጂየማዊው ኤዲ መርክስ እ.ኤ.አ. በ1972 በአንድ ሰዓት ውስጥ 49.431 ኪሎ ሜትር በመጓዝ የዓለም ክብረ ወሰን ለመስበር ወደ ሜክሲኮ ሲቲ የሄደው በዚሁ ምክንያት ነበር። የዚያች ከተማ ከፍታ 2,250 ሜትር ገደማ ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ትርፍ የሚገኘው ለስላሳ መንገድ ላይ ብቻ ነው። መንገዱ ሻካራ ሆኖ የጎማው ሰበቃ እጥፍ ቢሆን፣ የዚያው ተወዳዳሪ ፍጥነት ከ33.9 ወደ 30.7 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። ስሱ አየር የሰጠንን ኮረኮንቹ እጥፍ አድርጎ ይወስድብናል። በደንብ ያልተነፋ ጎማም የሚያደርሰው ጉዳት ተመሳሳይ ነው። ከልምምድ በፊት የጎማን ንፋት መፈተሽ ምንም ወጪ የማይጠይቅ ትርፍ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ዳገት፦ ገንዘብ የማይገዛው ደቂቃ

የምዕራብ ደቡብ ወሎ መንገድ ግን ሜዳው አጭር፣ ዳገቱ ረጅም ነው። በ7 በመቶ ዳገት ላይ ተወዳዳሪያችን ለአየር የሚከፍለው ከአቅሙ 3 በመቶ እንኳ አይሞላም፤ ቀሪው ከሞላ ጎደል በሙሉ ለስበት ይሄዳል። ስለዚህ የአየሩ መሳሳት እዚህ አይጠቅመውም፤ የኦክስጅኑ ማነስ ግን እንዳለ ይቆየዋል። 10 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለውን እንዲህ ያለ ዳገት በባሕር ጠለል አቅሙ በ48.6 ደቂቃ ሲጨርስ፣ በመካነ ሰላም አቅሙ 54.5 ደቂቃ ይፈጅበታል።

በሜዳ ላይ ከሌላ ብስክሌተኛ ጀርባ ተጠግቶ የሚነዳ ሰው ብዙ አቅም ይቆጥባል፤ ደካማውም ከብርቱው ጋር አብሮ ሊደርስ ይችላል። ዳገት ላይ ግን ይህ መከለያ ዋጋ የለውም። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ክብደት ራሱ ተሸክሞ ይወጣል። በየዓለሙ የጎዳና ውድድሮች አሸናፊው የሚለየው አብዛኛውን ጊዜ ዳገት ላይ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 በኪጋሊ በተካሄደው፣ በአፍሪካ ምድር የመጀመሪያው በሆነው የዓለም የጎዳና ሻምፒዮና ላይ ስሎቬንያዊው ታዴይ ፖጋቻር ያሸነፈው በድምሩ ከ5,000 ሜትር በላይ ሽቅብ በሚያስወጣ መንገድ ነው።

አሁን ወደ ክለቡ ገንዘብ እንመለስ። ብዙ ወጣቶች ለማሸነፍ ቀላልና ውድ ብስክሌት ያስፈልጋል ብለው ያምናሉ፤ ይህ እምነትም ገና ሳይጀምሩ ተስፋ ያስቆርጣቸዋል። በዚያው ዳገት ላይ ብስክሌቱ በ2 ኪሎ ግራም ቢቀል የሚገኘው ትርፍ 1 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ያህል ነው። በዘዴ በታቀደ ልምምድ አቅሙን በ10 በመቶ ቢያሳድግ ግን ወደ 5 ደቂቃ የሚጠጋ ጊዜ ያተርፋል። ሁለት ሊትር ውሃ ራሱ 2 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ስለዚህ በአጭር የዳገት ውድድር የሚበቃውን ውሃ ብቻ መያዝ በሺህ የሚቆጠር ብር ወጥቶበት ከሚገዛው ቅለት ጋር እኩል ይሠራል። የክለቡ ብር መጀመሪያ ለፍሬን፣ ለጎማና ለሄልሜት ይዋል የምንለው ከዚህ ስሌት ተነሥተን ነው። ፍሬኑ ለምን እንደሚቀድም የሚቀጥለው ክፍል ያስረዳል።

ቁልቁለት፦ የደጋው ወጥመድ

ከመካነ ሰላም ደጋ ወደ አባይ ወንዝ መውረድ ማለት ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል መሄድ ማለት ነው። ከላይ እንዳየነው ስሱ አየር ተወዳዳሪውን አይዘውም፤ ያለ ፔዳል በሰዓት 61.6 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ይህ ከባሕር ጠለሉ በ17 በመቶ ብቻ የሚበልጥ ፍጥነት ይመስላል። ነገር ግን የእንቅስቃሴ ጉልበት የሚያድገው በፍጥነት ካሬ ስለሆነ፣ ፍሬኑ ሊያጠፋው የሚገባው ጉልበት በ38 በመቶ ይጨምራል።

በፊት ለፊቱ ላም ወይም ጭነት የያዘ አህያ ብቅ ቢል ምን ይሆናል? ተወዳዳሪው አይቶ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ይፍጅበት፤ ከዚያም በየሰከንዱ ፍጥነቱን በሰከንድ 4 ሜትር መቀነስ ይቻለው። በባሕር ጠለሉ ፍጥነት 41 ሜትር ያህል ተጉዞ ይቆማል። በደጋው ፍጥነት ግን 54 ሜትር ያህል ያስፈልገዋል። አስፋልቱና ቸርኬው ዝናብ ከነካቸው ርቀቱ ከዚህም በጣም ይረዝማል።

ሌላው አደጋ ሙቀት ነው። ፍሬን ጉልበትን አያጠፋም፤ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ተወዳዳሪው በዚህ ቁልቁለት ፍጥነቱን በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ላይ ለማቆየት ፍሬኑን ያለማቋረጥ ቢይዝ፣ በፍሬኑ ላይ የሚፈጠረው ሙቀት 300 ዋት ገደማ ይሆናል። ይህም ከሦስት ባለ 100 ዋት አምፖሎች ጋር እኩል ነው። ፍሬኑ ቸርኬ የሚይዝ ዓይነት ከሆነ ቸርኬው እየጋለ ሄዶ የውስጡን ጎማ ሊያፈነዳው ይችላል።

መፍትሔው ከፊዚክሱ ይገኛል። አንደኛ፣ ፍሬንን ያለማቋረጥ ከማሸት ይልቅ በሁለቱም በኩል ጠበቅ አድርጎ መያዝና መልቀቅ፣ በመሐል ቸርኬው በነፋስ እንዲቀዘቅዝ ማድረግ ይገባል። ሁለተኛ፣ ከመሪው ቀና ብሎ ደረትን ለአየሩ መስጠት ነው። በዚህ ብቻ የተወዳዳሪያችን ፍጥነት ከ61.6 ወደ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ይወርዳል። ሦስተኛ፣ ረጅም ቁልቁለት ላይ ቆም እያሉ ቸርኬውን ማቀዝቀዝ ነው።

ከሁሉም የሚበልጠው ግን የውድድሩ አቀማመጥ ነው። በኛ አስተያየት እንዲህ ባለ አገር የሚመሠረት የአማተር ክለብ ቁልቁለትን ለውድድር ማዋል የለበትም። የመጨረሻው መስመር ከዳገቱ አናት ላይ ይሁን፤ ሰዓቱም እዚያው ይቁም። መውረዱ ያለ ፉክክር፣ በመሪ እየተጠበቀ ይፈጸም። በሰዓት 11 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሰው ቢወድቅ ተነሥቶ አቧራውን ያራግፋል፤ በ60 የሚወርድ ግን ላይነሣ ይችላል።

የውድድር ዘመኑ

ወሎ ከክረምቱ ሌላ የበልግ ዝናብ ያለው አገር ነው። ስለዚህ ለውድድር የሚመቸው ደረቅ ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ነው። ጥቅምትና ኅዳር ለረጅምና ለዝግታ ልምምድ፣ ታኅሣሥና ጥር ለዳገት ውድድሮች ይመቻሉ። በኅዳርና በታኅሣሥ ጧት ውርጭ ስለሚኖር ፀሐይ ሞቅ እስክትል መጠበቅ ይበጃል። ወቅቱ የአዝመራ መሰብሰቢያም በመሆኑ ቀኑ ሲቆረጥ የገበሬው ልጆች ሥራ ሊታሰብበት ይገባል።

ጾምም የስሌቱ አካል ነው። በ150 ዋት ለሁለት ሰዓት የሚነዳ ሰው በሥራ ላይ የሚያውለው ጉልበት 1,080 ኪሎ ጁል ነው። ጡንቻ ከምግብ ካገኘው ጉልበት ወደ ሥራ የሚለውጠው ሩቡን ያህል ስለሆነ፣ ሰውነቱ የሚያቃጥለው ወደ 1,030 ኪሎ ካሎሪ ይጠጋል። ይህን በባዶ ሆድ፣ በረመዳን ደግሞ ያለ ውሃ ማድረግ ጤናን ይጎዳል። በወሎ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ በአንድ ክለብ አብረው ስለሚሰለፉ፣ ከባድ ውድድሮች ከዐቢይ ጾምም ከረመዳንም ውጭ ቢውሉ መልካም ነው። ረመዳን በየዓመቱ በ11 ቀን ያህል ወደ ፊት ስለሚመጣ የቀን መቁጠሪያው በየዓመቱ መታየት አለበት። ለስንቅ ደግሞ ከውጭ የሚገባ ነገር መፈለግ አያሻም። የደጋው ገብስ በበሶና በቆሎ መልክ ቀላል፣ የማይበላሽና ጉልበት ሰጪ ስንቅ ነው።

ራሳችንን እንለካ

ለዚህ ሁሉ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። ሚዛን፣ ሰዓትና ከፍታው የታወቀ ዳገት ይበቃል። ተወዳዳሪው ከነብስክሌቱ 75 ኪሎ ግራም ሆኖ 700 ሜትር ሽቅብ በ54.5 ደቂቃ ቢወጣ፣ በስበት ላይ የሠራው ሥራ 75 × 9.8 × 700 = 514,500 ጁል ነው። ይህን ለ3,270 ሰከንድ ስናካፍለው 157 ዋት እናገኛለን። ለጎማ ሰበቃና ለአየር 11 በመቶ ብንጨምርበት ወደ 175 ዋት ይደርሳል። ይኸው ሰው በየወሩ በአንድ ዳገት ላይ ራሱን ቢለካ፣ ልምምዱ እየሠራለት መሆን አለመሆኑን ከማንም ምስክርነት ሳይጠይቅ ያውቃል። የአንድ ትምህርት ቤት የፊዚክስ ክፍልም ስለ ሥራ፣ ስለ ጉልበትና ስለ አቅም ከዚህ የተሻለ ተግባራዊ ትምህርት አያገኝም።

በአጠቃላይ፣ ደጋው ለብስክሌተኛ በሜዳ ይሰጣል፣ በዳገት ይነሳል፣ በቁልቁለት ደግሞ ያስፈራራል። ይህን የተረዳ ክለብ ገንዘቡን ለፍሬንና ለጎማ፣ ጊዜውን ለልምምድ፣ የመጨረሻ መስመሩን ለዳገቱ አናት ይሰጣል። በሜልቦርን የተሰለፉት ብስክሌተኞች አገራችን በዚህ ስፖርት ከብዙዎች ቀድማ መነሣቷን አሳይተዋል። ዳገቱም ወጣቱም ዛሬም አሉ፤ የቀረው ሰዓትና ሚዛን ይዞ መጀመር ነው።