«መጠን»፣ «ትርፍ»ና «ትርፋማነት» በሆቴል ሥራ፤ ስለ ሙያዊ ቃላት አጠቃቀም የቀረበ ማብራሪያ

የሆቴል ድርጅት መጠን ከትርፋማነቱ ጋር ያለው ግንኙነት በምጣኔ ሀብት ጽሑፎች ዘወትር የሚነሣ ጥያቄ ነው። ጥያቄው ወደ አማርኛ ሲመለስ ግን ከቃላቱ ከፊሎቹ ድርብ ትርጉም ስላላቸው መልሱ እስከ መገልበጥ ሊደርስ ይችላል። ከዚህ ቀጥሎ በተለይ የመቐለን ከተማ አብነት በማድረግ ችግሩን እንመለከታለን።

ሀ. ትርፍና ትርፋማነት፦ «ተረፈ» ከሚለው ግሥ የወጣው «ትርፍ» የንግድን ጥቅም ብቻ ሳይሆን ከሚያስፈልገው በላይ የሆነውን ማናቸውንም ነገር ያመለክታል። በ1967 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 47 የተወረሰው «ትርፍ ቤት» ትርፍ የሚያስገኝ ቤት ማለት አልነበረም። በመቐለ የሚነገረው ትግርኛ የንግዱን «መኽሰብ» ብሎ ከ«ትርፊ» ሲለየው፣ አማርኛ ሁለቱንም በአንድ ቃል ይጠራል። «ትርፋማነት» ደግሞ የገንዘቡ ብዛት ሳይሆን ትርፉ ከሀብቱ ወይም ከሽያጩ ጋር ሲነጻጸር የሚገኘው ምጣኔ ነው። አንድ ሆቴል በ10 ሚሊዮን ብር ሀብት 1 ሚሊዮን ብር፣ ሌላው በ100 ሚሊዮን ብር ሀብት 5 ሚሊዮን ብር አተረፉ እንበል። ሁለተኛው በትርፍ የፊተኛው አምስት እጥፍ ነው፤ በትርፋማነት ግን 5 ከመቶ በመሆኑ የፊተኛው ግማሽ ነው። «የትርፍ መጠን» የሚለው ሐረግ ከሁለቱ የትኛውን እንደሚያመለክት አይለይም።

ለ. መጠን፦ የሆቴል መጠን በክፍል ብዛት፣ በሠራተኛ ቁጥር፣ በሀብት ወይም በሽያጭ ይለካል። በዕለት ንግግር «አልጋ አለ?» የሚል እንግዳ የሚፈልገው ክፍል ነው፤ ስለዚህ ባለ ሁለት አልጋው ክፍል በአንዱ ሰንጠረዥ አንድ፣ በሌላው ሁለት ሆኖ ሊቆጠር ይችላል። «ትልቅ» ደግሞ ክብርን ጭምር ይገልጻል፤ የደጃዝማች አብርሃ አርአያ ቤተ መንግሥት የነበረውና በኋላ ሆቴል የሆነው የመቐለ ሕንፃ፣ ክፍሎቹ ሳይቆጠሩም ትልቅ ቢባል የሚያስገርም አይደለም። እንግዳ የማያሳድር ምግብ ቤትም «ሆቴል» ስለሚባል፣ «አነስተኛ ሆቴሎች» የሚለው ምድብ የተለያየ ሥራ ያላቸውን ድርጅቶች ይቀላቅላል።

ሐ. ግንኙነቱ፦ የጥበቃ፣ የጥገናና የባንክ ዕዳ ወጪ እንግዳ ቢመጣም ባይመጣም የማይቀር ቋሚ ወጪ ነው። ክፍሎቹ ሲያዙ ወጪው ለብዙ ስለሚከፋፈል ግዝፈት ትርፋማነትን ያሳድጋል። ያልተከራየች ሌሊት ግን እንደ እህል በጎተራ አትቀመጥም። በመቐለ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ የአየር ጉዞንና የባንክ አገልግሎትን ለብዙ ወራት እንዳቋረጠው ባለ ጊዜ፣ ያው ግዝፈት ሸክም ይሆናል። እንግዲህ ግንኙነቱን የሚወስነው የክፍሎቹ ብዛት ብቻ ሳይሆን የመያዛቸው ምጣኔ ጭምር ነው።

ስለዚህ ለድርጅቱ «ግዝፈት»፣ ለገንዘቡ ብዛት «ትርፍ»፣ ለምጣኔው «ትርፋማነት» እንዲባልና «መጠን» የሚለው ቃል መለኪያው ሳይጠቀስ ብቻውን እንዳይቆም እንጠቁማለን። ለሆቴሉ ባለቤትም ሆነ ለአበዳሪው ባንክ፣ የቃሉ መሳሳት የውሳኔ መሳሳት ነውና።