«ዶን ኪሆቴ»ን ለልጆች ማሳጠር

እ.ኤ.አ. በ1920 የስፔን መንግሥት የሰርቫንቴስ «ዶን ኪሆቴ» በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በየቀኑ እንዲነበብ አዘዘ። ፈላስፋው ኦርቴጋ ኢ ጋሴት ተቃወመ፤ ለልጅ የሚስማማው እንደ ሄርኩለስ ያሉ ጀግኖች ታሪክ ነው ባይ ነበር። ክርክሩ እስከ ዛሬ አልበረደም። አሁን የሚያከራክረው ግን ለልጆች ሙሉው ይሰጥ ወይስ ያጠረው የሚለው ነው።

መጽሐፉ በ1605 እና በ1615 በሁለት ክፍል የታተመ፣ 126 ምዕራፎች ያሉት ነው። ቋንቋው አርጅቷል፤ የመጀመሪያው ክፍል ደግሞ ከዋናው ታሪክ ጋር እምብዛም በማይገናኙ ረጃጅም ትረካዎች ይቋረጣል።

አንዱን እንይ። ከ33ኛው ምዕራፍ ጀምሮ አንድ ቄስ በእንግዳ ማረፊያ ለተሰበሰቡ ሰዎች፣ የሚስቱን ታማኝነት በወዳጁ ሊያስፈትን ስለተነሣ ባል የተጻፈ ልብ ወለድ ያነብላቸዋል። ንባቡ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው የዶን ኪሆቴ አሽከር ሳንቾ ፓንዛ እየጮኸ ይደርሳል፤ ጌታው ከአንድ ግዙፍ ጠላት ጋር ተያይዟል! ሮጠው ሲሄዱ አእምሮው የታወከው ባለታሪክ ዶን ኪሆቴ በእንቅልፍ ልቡ የወይን ጠጅ አቁማዳዎችን በሰይፍ ሲተረትር፣ ክፍሉም በቀይ ወይን ተጥለቅልቆ ያገኙታል። ለልጆች የሚያሳጥር ሰው አቁማዳዎቹን ይዞ የባልየውን ታሪክ ቢያወጣ የሚጎድል ነገር የለም።

ይህን ወቀሳ ሰርቫንቴስ ራሱ ያውቀው ነበር። በሁለተኛው ክፍል ሳምሶን ካራስኮ የተባለው ገጸ ባሕርይ፣ ያ የባልየው ታሪክ ያለ ቦታው ገብቷል እየተባለ እንደሚነቀፍ ይናገራል። ማሳጠርን ሁሉ እንደ ድፍረት የሚቆጥሩ ሰዎች ይህን ቦታ ደግመው ቢያነቡት መልካም ነው።

ቆርጦ ማውጣት ሁሉ ግን አንድ አይደለም። የምርኮኛው ወታደር ትረካም ከዋናው ታሪክ ውጭ ነው፤ ነገር ግን ሰርቫንቴስ ከ1575 እስከ 1580 በአልጀርስ በምርኮ ያየው መከራ አለበት። እሱን ማውጣት ያስቆጫል።

ብራዚላዊው ሞንቴይሮ ሎባቶ በ1936 ባሳተመው መጽሐፍ ሌላ መንገድ መረጠ። በመጽሐፉ አንዲት አያት ዋናውን ለልጆች ማንበብ ስትጀምር ቃላቱ ስለከበዷቸው በራሷ አነጋገር ትተርክላቸዋለች። በ2014 ደግሞ የስፔን ንጉሣዊ አካዳሚ ደራሲው አርቱሮ ፔሬዝ ሬቬርቴ ለትምህርት ቤቶች ያዘጋጀውን ያጠረ ዕትም አወጣ። እሱ የጎን ትረካዎቹን አውጥቶ የተቆረጠውን ሲያገጣጥም የሰርቫንቴስን አጻጻፍ ጠብቋል። ሁለቱም ሥራቸውን በግልጽ ስለሠሩ ክብር ይገባቸዋል፤ ለትምህርት ቤት ግን የሁለተኛው ይሻላል፤ ልጁ የሚሰማው የደራሲውን ድምፅ ነውና።

የሚጎዳው ዶን ኪሆቴ ከነፋስ ወፍጮዎች ጋር ካደረገው ግጥሚያ ብዙም የማያልፈው ሥዕላዊ መጽሐፍ ነው። ወፍጮዎቹ ያሉት በ8ኛው ምዕራፍ ነው፤ የጌታና የአሽከር ፍቅር የሚበስለው ከዚያ በኋላ ነው። ለልጅ የሚገዛ ወላጅ ወይም መምህር ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት የመጨረሻውን ምዕራፍ ይመልከት፤ ዶን ኪሆቴ አእምሮው ተመልሶለት አልጋው ላይ ሲያጣጥር፣ ሳንቾም እንዳይሞት እያለቀሰ ሲለምነው ካላገኘ ሌላ መጽሐፍ ይፈልግ።