አዲስ የመተንፈሻ አካላት ቫይረሶችን በዘረ መል መለየትና የድሬዳዋ ናሙና

ድሬዳዋ ከጅቡቲ ወደብ ወደ መሐል አገር በሚዘልቀው መስመር ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ባቡር እ.ኤ.አ. በ1902 ከደረሰላት ጀምሮ የመንገደኛና የሸቀጥ መተላለፊያ በመሆኗ፣ ከውጭ የሚገባ አዲስ የመተንፈሻ አካላት ቫይረስ ቀድሞ ሊታይባቸው ከሚችሉ ከተሞች አንዷ ናት። ይሁን እንጂ ትኩሳት፣ ሳልና የጉሮሮ ሕመም ለኢንፍሉዌንዛም ለኮሮና ቫይረስም የጋራ ምልክቶች ስለሆኑ፣ በሕክምና ምርመራ ብቻ ቫይረሱንም ሆነ ዝርያውን መለየት አይቻልም።

የኢንፍሉዌንዛ ኤ ዘረ መል በ8 ቁራጮች የተከፈለ ነው። ሁለት ዝርያዎች በአንድ ሕዋስ ውስጥ ሲገናኙ ቁራጮቻቸውን ሊለዋወጡ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 ዓለምን ያዳረሰው ኤች1ኤን1 ከአሳማ፣ ከወፍና ከሰው ቫይረሶች የመጡ ዘረ መሎችን የያዘ ሆኖ ተገኝቷል። በአገራችን «የኅዳር በሽታ» የተባለው የ1918 ወረርሽኝ ቫይረስም ሙሉ ዘረ መሉ ተነቦ ያለቀው በ2005 ነበር። በአንጻሩ የኮቪድ-19 ቫይረስ ዘረ መል 30,000 ያህል ፊደላት ያሉት አንድ ሰንሰለት ሲሆን፣ በአብዛኛው የሚለወጠው በመባዛት ጊዜ በሚፈጠሩ ስሕተቶች ነው።

ፒ.ሲ.አር. ቫይረሱ መኖሩን ሲያመለክት፣ የዘረ መል ቅደም ተከተል ንባብ ደግሞ የትኛው ዝርያ እንደሆነ ይናገራል። በኅዳር ወር 2021 በደቡባዊ አፍሪካ ኦሚክሮን በተለየበት ጊዜ፣ አንዳንድ የፒ.ሲ.አር. ምርመራዎች የኤስ ዘረ መልን ሳያገኙ ሌሎቹን ዒላማዎች ያገኙ ነበር። ምክንያቱም ቫይረሱ በዚያ ክፍል ጥቂት ፊደላት ጎድለውት ነበር። ስለዚህ እንዲህ ያለ ውጤት ያየ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናሙናውን ኔጋቲቭ ብሎ ከመጣል ይልቅ ለንባብ ሊልከው ይገባል። የንባቡ ውጤት ለሕክምናም ይጠቅማል፤ ለምሳሌ ኤች275ዋይ የተባለው ለውጥ ኤች1ኤን1 ኦሰልታሚቪርን እንዲቋቋም ያደርገዋል።

ይህ ሁሉ የሚጀምረው ግን ከጤና ተቋሙ ነው። ናሙና በሕመሙ የመጀመሪያ ቀናት፣ ቫይረሱ በብዛት ሳለ ቢወሰድ ይመረጣል። የፒ.ሲ.አር. ዑደት ቁጥሩ ከ30 በላይ ከሆነ ሙሉ ንባብ ብዙ ጊዜ ይከሽፋል። ናሙናው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስከ 72 ሰዓት ይቆያል፤ ከዚያ በላይ የሚዘገይ ከሆነ ከዜሮ በታች 70 ዲግሪ ሊቀመጥ ይገባል። በድሬዳዋ ሙቀት፣ አዲስ አበባ እስኪደርስ ድረስ ያልቀዘቀዘ ናሙና የያዘው አር.ኤን.ኤ. ይፈራርሳል። የታማሚው ዕድሜ፣ የጉዞ ታሪክ፣ የክትባት ሁኔታ፣ የሕመሙ ጽናትና ናሙናው የተወሰደበት ቀን ከናሙናው ጋር ካልተላኩም፣ የተነበበው ዘረ መል ከየት እንደመጣና ምን እንዳስከተለ ሳይታወቅ ይቀራል።