የወንዝን ጤና ለተማሪዎች የሚያሳዩ የውኃ ውስጥ ነፍሳት

የወንዝ ውኃ ጠርቶ ስለታየ ብቻ ጤናማ ነው ማለት አይቻልም። ፀረ ተባይ ኬሚካል የገባበት ውኃ እንደ ብርሌ ጠርቶ ሊታይ ይችላል። ናሙና ተወስዶ በቤተ ሙከራ ቢመረመርም ውጤቱ የሚናገረው ናሙናው ስለተቀዳበት ሰዓት ነው፤ ሌሊት የተለቀቀ ፍሳሽ እስኪነጋ ድረስ ርቆ ሊሄድ ይችላል። ከድንጋይ ሥር የሚኖሩ ነፍሳት ግን ወራትን በወንዙ ውስጥ ስለሚያሳልፉ፣ በውኃው ላይ የደረሰው በእነርሱም ላይ ይደርሳል።

በብሪታንያ አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ይህንን ለማስተማር ነፍሳቱን በመማሪያ ክፍል ያሳድጋሉ። ለዚህ የተመረጠው በእንግሊዝኛ ሜይፍላይ የሚባለው በራሪ ነው። እጩ ብዙውን ጊዜ ሦስት ክር መሰል ጭራዎች አሉት፤ ከሆዱ ግራና ቀኝ በተደረደሩ ስስ ስንጥቦች ይተነፍሳል፤ የብዙዎቹ ዝርያዎች ምግብም ድንጋይ ላይ የሚበቅለው አልጌ ነው። ክንፍ ካወጣ በኋላ ምንም አይመገብም። ተራክቦ ፈጽሞ፣ እንቁላሉን ውኃ ላይ ጥሎ በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ውስጥ ይሞታል።

የማሳደጊያው ዝግጅት ቀላል ነው። የመስታወት ወይም የፕላስቲክ ዕቃ፣ የወንዝ ውኃ፣ አልጌ የያዙ ድንጋዮች እና አየር የሚነፋ ትንሽ መሣሪያ ያስፈልጋሉ። የቧንቧ ውኃ ከሆነ ክሎሪኑ እንዲተን ቢያንስ አንድ ቀን ክፍት ሆኖ ማደር አለበት። ዕቃው ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ይቀመጣል፤ እጩ ክንፍ ሊያወጣ ሲል የሚወጣበት እንጨትም ይቆምለታል። ከላይ በወንፊት ጨርቅ ይሸፈናል። በኬሚካል የተነከረ የአልጋ አጎበር ግን ለዚህ አይሆንም፤ የወባ ትንኝን የሚገድለው መድኃኒት እነዚህንም ይገድላልና።

ተማሪዎች ከሁሉ በላይ የሚማሩት ከስንጥቦቹ ነው። በውኃው ውስጥ ያለው ኦክስጅን ሲያንስ ብዙዎቹ ዝርያዎች ስንጥባቸውን በፍጥነት ማርገብገብ ይጀምራሉ። በባሕር ጠለል ደረጃ 1 ሊትር ውኃ በ10 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ 11 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል፤ በ25 ዲግሪ ግን ከ8 ሚሊ ግራም ብዙም አይበልጥም። በወንዝ ዳር ያለው ዛፍ ሲቆረጥ ጥላው ይጠፋል፤ ውኃው ይሞቃል፤ እጩም ትንፋሽ ያጥረዋል። ከማሳ ታጥቦ የሚመጣ ደለል ደግሞ ስንጥቡን ይደፍናል፣ መኖሪያውን ድንጋይም ይቀብራል።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ ወንዞችም እንግዳ አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 ተመራማሪዎች ለሀገሪቱ ደጋማ ወንዞች ኢትባዮስ የተባለ የነጥብ መለኪያ አሳትመዋል። መለኪያው ለየነፍሳቱ ቤተሰብ ብክለትን በመቋቋም አቅሙ ልክ ነጥብ ይሰጣል። ሜይፍላይን የመሰሉ ስሱ ነፍሳት በብዛትና በዓይነት ከተገኙ ወንዙ ደኅና ነው። እነርሱ ጠፍተው ቀያይ የትንኝ መሰል እጮች ብቻ ከቀሩ ግን ውኃው ኦክስጅን አጥሮታል ማለት ነው፤ እነዚህ እጮች በደማቸው ባለው ሄሞግሎቢን ምክንያት አየር ባነሰበት ውኃም ይኖራሉና።

ለአርሶ አደሩ ነገሩ ግልጽ ነው። የሰብል ተባይን የሚገድል ኬሚካል የወንዝ ነፍሳትንም አይምርም። የመርጫ ዕቃን ወራጅ ውኃ ውስጥ ማጠብ ከታች ያለውን የዓሣ ቀለብ ያጠፋል፤ ያንኑ ውኃ ከብቱም ሰዉም ይጠጣዋል።

መብራት በሌለበት ወይም በሚቆራረጥበት ትምህርት ቤት እጩን ማሳደግ ይከብዳል፤ አየር ነፊው ሲቆም ነፍሳቱ ይሞታሉና። እንዲህ ባለ ቦታ ነፍሳቱን በነጭ ሳህን ላይ አይቶ፣ ቆጥሮ፣ ወዲያው ወደ ወንዙ መመለስ ይሻላል። በክፍል ያደጉትም ቢሆኑ መለቀቅ ያለባቸው ከተወሰዱበት ወንዝ ብቻ ነው። ቢልሃርዚያ ባለበት አካባቢ፣ የጣና ሐይቅ ዙሪያን ጨምሮ፣ ሕጻናት በባዶ እግር ውኃ ውስጥ መግባት የለባቸውም። ድንጋዩን የሚያወጣው ቦት ጫማና ረጅም የጎማ ጓንት ያደረገ አዋቂ ሊሆን ይገባል።