ተጣጣፊ ስክሪን ለደጋ አካባቢ የመስክ ሥራ ምን ይጠቅማል?

የኤሌክትሮኒክስ ስክሪን እንዲታጠፍና እንዲጠቀለል የሚያስችለው ቴክኖሎጂ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ለገበያ ከቀረበ ዓመታት ተቆጥረዋል። ቴክኖሎጂው በከተማ የሚታወቀው በውድ ስልኮች ቢሆንም፣ ኤሌክትሪክ እንደ ልብ በማይገኝባቸው የገጠር አካባቢዎች ለሚከናወን የመስክ ሥራ የበለጠ ፋይዳ ሊኖረው ይችላል።

በሰሜን ሸዋ ዞን መንዝ የሚገኘው የጓሳ የማህበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ከባህር ጠለል በላይ ከ3 ሺህ 200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የሚገኘው ይህ ሥፍራ፣ ቄሮ በተባለ ነባር ባህላዊ ሥርዓት ለዘመናት ሲጠበቅ የኖረ የቀይ ቀበሮና የጭላዳ መኖሪያ ነው። በበጋ ሌሊቱ ውርጭ፣ በክረምት ቀኑ ዝናብና ጭጋግ ነው። ቀኑን ሙሉ በእግሩ እየተዘዋወረ ያየውን መመዝገብ ላለበት ሠራተኛ የመስታወት ስክሪን ያለው ታብሌት ተሰባሪና ባትሪ ጨራሽ ዕቃ ነው። ገመድና የዝናብ ገሳ የሚሠራበት የጓሳ ሣር ግን ታጥፎም አይሰበርም።

የኃይል ችግሩ በአገር አቀፍ ደረጃም ታይቷል። ለአራተኛው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ወደ 180 ሺህ የሚጠጉ ታብሌቶች ሲገዙ ፓወር ባንኮችንም አብሮ መግዛት አስፈልጎ ነበር። ቆጠራው እ.ኤ.አ. በ2019 በሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ እንዲራዘም ተወስኗል።

ተጣጣፊ ስክሪን የሚሠራው ምስሉን የሚቆጣጠሩትን ጥቃቅን የኤሌክትሮኒክስ ክፍሎች በወፍራም መስታወት ፈንታ በስስ ፕላስቲክ ላይ በማስፈር ነው። ሁለት ዋና ዋና ዓይነቶች አሉት። አንደኛው ራሱ ብርሃን የሚያመነጭ ሲሆን፣ በሚታጠፉ ስልኮች ላይ የሚገኘው ይኸው ነው። ቀለሙ ደማቅ ቢሆንም ኃይል ይፈጃል፤ እርጥበትም ይጎዳዋል። ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2019 ያቀረበው የሚታጠፍ ስልክ ዋጋው 1 ሺህ 980 የአሜሪካ ዶላር ነበር። ለሙከራ በተሰጡ ስልኮች ስክሪን ላይ ብልሽት በመታየቱም ሽያጩ ለወራት ዘግይቷል።

ለመስክ ይበልጥ የሚስማማው ሁለተኛው፣ የኤሌክትሮኒክስ ወረቀት የሚባለው ነው። በውስጡ ተቃራኒ የኤሌክትሪክ ሙል ያላቸው ጥቁርና ነጭ ቅንጣቶች ይገኛሉ፤ ኤሌክትሪክ ሲደርሳቸው ከፊሎቹ ወደ ላይ፣ ከፊሎቹ ወደ ታች በመንቀሳቀስ ጽሑፍ ይሠራሉ። ጽሑፉ አንዴ ከተሠራ በኋላ ያለ ኃይል ይቆያል። ኤሌክትሪክ የሚያስፈልገው ገጹ ሲለወጥ ብቻ ነው። የቀን ፀሐይም ሌሎች ስክሪኖችን ሲያደበዝዝ ይህንን ይበልጥ እንዲነበብ ያደርገዋል።

በሌሎች አገሮች የሱቅ ዋጋ መለጠፊያና የአውቶቡስ ፌርማታ ሰሌዳ በኤሌክትሮኒክስ ወረቀት ይሠራል። በጓሳም ሣር የሚታጨድበትንና ሥፍራው ተዘግቶ የሚቆይበትን ጊዜ የሚያሳውቅ ሰሌዳ፣ ወይም ተጠቅልሎ በኮሮጆ የሚያዝ ካርታ ሊሠራበት ይችላል። አንድ አነስተኛ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ለእንዲህ ያለ ሰሌዳ ይበቃዋል።

ይሁን እንጂ ለቪዲዮ አይሆንም፤ ምስል የሚቀይረውም በዝግታ ነው። ከሁሉም በላይ በደጋ ለሚሠራ መሥሪያ ቤት ትኩረት የሚያሻው ጉዳይ ቅዝቃዜ ነው። ከእነዚህ ስክሪኖች ብዙዎቹ የተሠሩት ከ0 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ለሆነ ሙቀት ሲሆን፣ የጓሳ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊቶች ከዚያ በታች ይወርዳሉ። በመሆኑም በግዥ ዝርዝር ላይ ከስክሪኑ ስፋት አስቀድሞ ሊሠራበት የሚችለው ዝቅተኛ ሙቀት መጠቀስ ይኖርበታል።