ከጭስ ጥቅም የሚያወጣው መዳብ

የተቀጣጠለ ከሰል ወደ ተዘጋ ክፍል እንዳታስገቡ ደጋግመን የምንመክራችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ የተኛን ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ወንድሙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ ከመኪናና ከፋብሪካ ጭስ ጋር እየወጣ የምድርን አየር ያሞቃል። እነዚህ ሁለቱ ለጥቅም ሊውሉ ይችላሉ ቢባል ታምናላችሁ?

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ዮሺዮ ሆሪ የተባሉ ጃፓናዊ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ በሟሟበት ውኃ ውስጥ መዳብ አስገብተው ኤሌክትሪክ ሲሰጡት ሜቴንና ኤቲሊን የተባሉ ጋዞች እንደሚወጡ አሳወቁ። ሜቴን ይነድዳል፤ ማገዶ ይሆናል። ኤቲሊን ደግሞ ከገበያ ዕቃ የምትይዙበት የፕላስቲክ ከረጢት የሚሠራበት ነው። ዛሬ ኤቲሊን በአብዛኛው የሚገኘው ከነዳጅ ዘይትና ከተፈጥሮ ጋዝ ነው።

የመዳቡ ሥራ እንደ ሽማግሌ ነው። ሽማግሌ ሁለቱን ወገን አገናኝቶ ጋብቻውን ያስፈጽማል እንጂ ራሱ አያገባም። ባለሙያዎች እንዲህ ያለውን ነገር ካታሊስት ይሉታል። ወርቅና ብር የሚመጣላቸውን ጋዝ አላልተው ስለሚይዙት ሥራው ካርቦን ሞኖክሳይድ ላይ ያበቃል። ፕላቲነም በበኩሉ አጥብቆ ይይዘውና ሥራው ይቆማል። መዳብ ግን አያጠብቅም፣ አያላላም፤ ስለዚህ ካርቦንን ከካርቦን ጋር ማያያዝ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2014 በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ያንኑ ገዳይ ካርቦን ሞኖክሳይድ በመዳብ አማካይነት ወደ አልኮል እንደለወጡ አስታወቁ።

ሆኖም ችግሩ ገና አላለቀም። መዳብ አንድ ነገር ብቻ አያወጣም፤ እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ጥናት 16 ዓይነት ውጤቶች ተቆጥረዋል። እነርሱን መለየት ወጪ ይጠይቃል። የመዳቡም ገጽ በሥራ ላይ እያለ ይለወጣል፣ ይደክማል።

ከሁሉም በላይ ኤሌክትሪኩ ከየት ይመጣል? ከሰል ወይም ጋዝ አቃጥለን ካመነጨነው፣ ከምንሰበስበው ጭስ የምናወጣው ሊበልጥ ይችላል። ከፀሐይ ወይም ከነፋስ ከተገኘ ግን ትርፍ አለው።

እንግዲህ ልጆቻችሁ ከትምህርት ቤት መጥተው ስለዚህ ሲያወሩላችሁ «እኔ ምን አውቃለሁ» አትበሉ። «ኤሌክትሪኩ ከምን የመጣ ነው?» ብላችሁ ጠይቋቸው። ተመራማሪዎቹም የሚጠያየቁት ይህንኑ ነው።