ፕሌይስቴሽን ቤት ያዋጣ ይሆን?

ከደምበጫ ወደ ፍኖተ ሰላም ሲኬድ የምትገኘው ጅጋ፥ እንደ ብዙዎቹ የመንገድ ዳር ከተሞቻችን፥ ወጣቱ የራሱን ሥራ ለመጀመር የሚያስብባት ናት። በእንዲህ ያለች ከተማ ፕሌይስቴሽን ቤት ልክፈት የሚል ወጣት ቢያማክረን ምን እንለዋለን? ነገሩ የንግድ ጉዳይ ነውና ከሠሪዎቹ እንጀምር።

የእነርሱ ንግድ ኩራዙን በርካሽ ሰጥቶ ከላምባው የሚያተርፈውን ነጋዴ ይመስላል። ሶኒ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ2006 እ.ኤ.አ. ሦስተኛውን ፕሌይስቴሽን በአሜሪካ ከ499 ዶላር ጀምሮ ሲሸጥ፥ ዋጋው ለመሥሪያው ከወጣው ገንዘብ ያነሰ ነበር። ጉድለቱን የሚሞላው ከየጨዋታው ሽያጭ በሚደርሰው ድርሻ ነው። ስለዚህም የሚመኘው በየቤቱ አንድ መሣሪያ ገብቶ ባለቤቱ ጨዋታ ሲገዛ እንዲኖር ነው።

በእኛ አገር ሒሳቡ ተገልብጦአል። መሣሪያው አንድ፥ ተጫዋቹ ብዙ ነው። ባለቤቱ የሚሸጠው ግጥሚያ ነው፤ ብዙ ጊዜም የተሸነፈው ይከፍላል፥ ያሸነፈው ወንበሩን አይለቅም። (አንዳንዱ ተማሪ የትምህርቱን ሰዓት አብሮ እንደሚከፍል አልዘነጋንም።)

እንበልና መሣሪያውና ቴሌቪዥኑ 60,000 ብር ፈጁ፤ አንዱ ግጥሚያ 10 ብር ይከፈልበታል፥ በሰዓትም 5 ግጥሚያ ይደረጋል። በቀን 6 ሰዓት ቢሠራ 300 ብር ይገባል። ለኪራይ፥ ለመብራትና ለጆይስቲክ ጥገና 150 ቢወጣ፥ ገንዘቡ የሚመለሰው በ400 ቀን ነው። መብራት ለ3 ሰዓት የጠፋ ዕለት ግን ትርፉ በሙሉ ይሄዳል፤ ኪራይ ከመብራት ጋራ አብሮ አይጠፋምና።

ዶላሩም አለ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፥ 57 ብር ግድም የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ጊዜ ውስጥ 100 ብርን አልፎአል። ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ይኸንኑ ተከትሎ ተወደደ።

ይበልጥ የሚያሳስበን ግን ሌላ ነው። በ2024 እ.ኤ.አ. የወጣው ፕሌይስቴሽን 5 ፕሮ ያለ ዲስክ ማጫወቻ ነው የሚሸጠው፤ ማጫወቻው ለብቻው ተገዝቶ ካልተገጠመለት ጨዋታውን በኢንተርኔት መግዛት ያስፈልጋል። በአማራ ክልል ደግሞ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበር ይታወሳል።

ወጣቱ ምክራችንን ከተቀበለ፥ ያገለገለ ባለዲስክ መሣሪያ ይግዛ፤ መብራት ለሚጠፋበት ቀን ኪራዩ እንዲቀነስለትም ከአከራዩ ጋራ አስቀድሞ ይዋዋል።